መተርተር ደስ ይላል

ዛሬ እንዲሁ ድብር ብሎኝ ዋለ። ብርዱ ነው እንዳልል፣ ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ተሰቅሎ የሚኖር የደብረ ብርሃን ሰው በብርድ ከተደበረ ዓመቱን ሙሉ ተደብሮ ሊኖር ነው። ብቻ ከሥራ ገባሁና ቡናም ሳላፈላ ክርና መርፌዬን ይዤ ቁጭ አልኩ።

ለታናሼ ልጅ የጀመርኩት ሹራብ ነው። ጀርባው አልቋል። ፊቱ ደረት ላይ ቆሟል። እጅጌ ገና አልታሰበም። ልጁ ደግሞ አይጠብቅም፣ ይመዘዛል። እናቱ «ግድ የለም፣ ለሚቀጥለው ይሆናል» ትላለች። የሚቀጥለው ገና አልተረገዘም።

እኔን ግን ማለቁ ብዙም አያስጨንቀኝም። ደስ የሚለኝ ሥራው ነው። መርፌው ቀለበቷ ውስጥ ይገባል፣ ክሩ ይጠመጠማል፣ አዲሷ ብቅ ትላለች፣ አሮጌዋ ከመርፌው ትወርዳለች። በቃ። በፊት በኩል ሲያዩት ልሙጥ ነው፣ ሲገለብጡት ጉብ ጉብ ያለ። ሁለቱን እያፈራረቁ ከሠሩት ይለጠጣል፤ የአንገቱና የእጅጌው ጫፍ እንደዚያ ነው። እጄ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ጭንቅላቴ የፈለገበት ይዞራል።

ዛሬ የዞረው ክሩ ላይ ነው። ሻጩ «ንጹሕ ሱፍ» ብሎ ነበር የሸጠልኝ። ቁራጯን በክብሪት ለኮስኳት። ቀልጣ ጠጠር ሆነች! የበግ ጠጉር ቢሆን ኖሮ ይከስል ነበር፣ ሽታውም በዓል ላይ የበግ ጭንቅላት ሲለበለብ እንደሚሸተው ነው። አስቡት፣ መንዝ አፍንጫችን ሥር ነው። በግ ሞልቶ። እኔ ፕላስቲክ እሠራለሁ።

አያቴ ብታይ ምን ትል ነበር? የእሷ ቤት ጠጉሩ ከበጉ ጀርባ ነው የሚመጣው። ተሸልቶ፣ ታጥቦ፣ በደጋን ተነድፎ እሷ እንዝርት ላይ ትፈትለዋለች። ሽመናው የወንዶቹ ነው፤ ባና፣ ያ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ሆኖ ይመለሳል። ቀለም የለው፣ ምን የለው፤ በጉ ጥቁር ከሆነ ባናውም ጥቁር። ልጅ ሆኜ ስተኛበት አንገቴን ይኮሰኩሰኝ ነበር። ግን ውርጩን ድርሽ አያስብለውም።

ባና ግን አይተረተርም። ድርና ማግ አለው፤ አንዱን ቢስቡት ሌላው ይይዘዋል። ሹራብ አንድ ክር ነው፤ ጫፉን ካገኙት ሙሉው ወደ ነበረበት ይመለሳል። እማዬ የወንድሜን ሹራብ ተርትራ ለእኔ ስትሠራ ትዝ ይለኛል። ክሩን የወንበር መደገፊያ ላይ ትጠመጥመዋለች፣ ለብ ባለ ውኃ ታጥበዋለች፣ ሲደርቅ ጭብጥብጡ ይፈታል። ሁለት እጄን ዘርግቼ ክሩን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ትከሻዬ ይዝል ነበር፤ «አትነቃነቂ!» እባላለሁ እንጂ ማን ይሰማኛል። ቢሆንም ከመልበሱ ይልቅ ያ ይጥመኝ ነበር መሰለኝ። የወንድሜ ክርን ላይ የተበላው ቦታ እኔ ጋ ሲደርስ የት እንደሚገባ እየገመትኩ እለብሰው ነበር።

ቅድም ለእማዬ ደወልኩላት። «የመንዝን በግ ጠጉር ፈትዬ ሹራብ ብሠራውስ?» አልኳት። ዝም አለች። ቀጥላ «ለሕፃን?» አለች። «እንዴ፣ ልጁ ምን በደለሽ?»

እውነቷን ነው፣ ይኮሰኩሳል። ውስጡን ገበር ቢደረግለትስ? ወይ ለራሴ ካልሲ ልሞክር፣ እግር ምን አለበት? እንዝርት ይዤ አላውቅም። ደጋንማ ተዉት። ግን የፊታችን ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ጠጉር ልጠይቅ አስቤያለሁ። እጅጌ ያቃታት ሴት ከበጉ ልትጀምር ነው።