ግልባጩን በጽሑፍ ጠይቁ

የአስተዳደር ሕግና ሕገ መንግሥት አስተምራለሁ፤ ጎን ለጎንም ጥብቅና እሠራለሁ። ደሴ ላይ ጠዋት ክፍል እገባለሁ፣ ከሰዓት ችሎት እቆማለሁ። ሁለቱን አጣምሮ ለመሥራት የሚያስብ ወጣት ሲያገኘኝ ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ ስለ ፈቃዱ ነው። እሱ ቀላል ነው፦ ዲግሪ፣ ጥቂት ዓመት ልምድ፣ የክልሉ የጥብቅና ፈተና፣ ፈቃድ፣ የቢሮ ኪራይ። ማንም ይነግራችኋል። እኔ የምጽፈው ማንም ስላልነገረኝ ስለ ይግባኝ 30 ቀን ነው።

በ2007 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አንዲት እናት ቢሮዬ መጡ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ የሚኖሩባትን ከተማም ሆነ መሥሪያ ቤቱን አልጠቅስም። ቤታቸው ለመንገድ ማስፋፊያ ይነሳል ተብሏል። መነሳቱን አልተቃወሙም። ያንገበገባቸው የካሳ ግምቱ ነው። በግምት ሰነዱ ላይ ዋናው ቤት አለ፤ ከጓሮ ያለው ማድቤት የለም፤ ሟች ባለቤታቸው በገዛ እጃቸው የካቡት የድንጋይ አጥር የለም፤ የውሃ ጉድጓዱም የለም። ገማቾቹ የመጡት ዝናብ ሲጥል ነው፤ ከበረንዳው አላለፉም።

ጉዳዩ ለኔ እንደ መማሪያ መጽሐፍ ምሳሌ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ተመጣጣኝ ካሳ ይከፈላል ይላል። በጊዜው የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 455/1997 እና ደንብ ቁጥር 135/1999 ዝርዝሩን አስቀምጠዋል። ማድቤቱም አጥሩም ጉድጓዱም መቆጠር ነበረባቸው። ለአቤቱታ ሰሚው ኮሚቴ አራት ገጽ ጻፍኩ። አሁንም ሳነበው ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ አንቀጾቹ ሁሉ በቦታቸው ናቸው።

ሰኔ 8 ኮሚቴው አቤቱታውን ውድቅ አደረገ። እንዴት አወቅን? በመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በአንዲት መርፌ የተሰካ ዝርዝር ወጣ፤ ከስማቸው ትይዩ «ተቀባይነት የለውም» ይላል። ምክንያት የለ፣ ፊርማ የለ። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ «ሙሉ ውሳኔው ሲታተም ግልባጩን ትወስጃለሽ፣ ሰኞ ነይ» አላቸው። በዕድሜ እናቱ የሚሆኑትን ሴት «አንቺ» እያለ።

ሰኞ ሄዱ፤ ሰብሳቢው አልፈረመም ተባሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ሄዱ፤ ማኅተም ያዥዋ ፈቃድ ላይ ናት ተባሉ። በሦስተኛው የቢሮው በር ተቆልፏል፤ ስብሰባ። ያ ወር ረመዳን ነበር። እኚህ እናት እየጾሙ፣ በዚያ የቆላ ፀሐይ፣ መስኮቱ ፊት ከግድግዳው ጥግ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ከዚያ ይደውሉልኛል። እኔ በፈተና እርማት ተጠምጃለሁ። ምን እንዳልኳቸው ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦ «ይታገሡ እማማ፣ ቀኑ የሚቆጠረው ግልባጩ እጅዎ ሲገባ ነው።» እሳቸውም መልሰው እኔኑ ያጽናኑኛል፦ «አብሽር ልጄ፣ አይቀርም።»

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። በጊዜው ሕግ ይግባኝ የሚባለው በ30 ቀን ውስጥ ነበር። ሕጉ ለግልባጩ የጠፋውን ጊዜ ከቁጥሩ ያወጣ ነበር፤ ግን የሚያወጣው ባለጉዳዩ ግልባጩን በጽሑፍ ጠይቆ እንደሆነ ነበር። በጽሑፍ! አራት ጊዜ መስኮቱ ፊት መቆም፣ መለመን፣ ስልክ መደወል አይቆጠርም ነበር። ይህን ድንጋጌ ለተማሪዎቼ አንብቤላቸዋለሁ። «በጽሑፍ» የምትለዋን ቃል ግን አንድም ቀን ቆም ብዬ አላየኋትም።

ሌላም አለ፤ ይህኛው አሁንም እንቅልፍ ይነሳኛል። አዋጁ ይግባኝ የሚቀበለው ቦታው ለከተማው መረከቡን የሚያሳይ ሰነድ ከተያያዘበት ብቻ ነበር። ስለዚህ ይግባኙን ለማዘጋጀት ብዬ ገና በሰኔ አጋማሽ «ያስረክቡ፣ ይፈርሙ» ያልኳቸው እኔ ነኝ። አውራ ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነክረው የርክክብ ሰነዱ ላይ ሲያሳርፉ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ሰማያዊው እድፍ በነጩ ላይ ቀረ። ቤቱ በዒድ ማግስት ፈረሰ።

ግልባጩ ሐምሌ 20 ተሰጠን። 42ኛው ቀን። ከላዩ የተጻፈው ቀን ሰኔ 8 ነው፤ መቼ እንደተሰጠን የሚያሳይ ነገር የለበትም። እኔም «የሰጣችሁበትን ቀን ጻፉበት» አላልኩም። ሐምሌ 22 ይግባኙን ለፍርድ ቤት አስገባሁ።

በጥቅምት ስንቀርብ የከተማው ዐቃቤ ሕግ ስለ ማድቤቱም ስለ አጥሩም አንድ ቃል አልተናገረም። «የይግባኝ ጊዜው አልፏል» ብሎ ተቀመጠ። ዳኛው ወደኔ ዞሩ፤ «ግልባጭ በጽሑፍ የጠየቃችሁበት ማመልከቻ አለ?» አሉ። ስለ ረመዳኑ፣ ስለ ማኅተም ያዥዋ፣ ስለተቆለፈው በር አስረዳሁ። በትዕግሥት ሰሙኝና ያንኑ ጥያቄ ደገሙት። አልነበረኝም።

ጊዜው ያለፈበትን ይግባኝ ለማስፈቀድ አመለከትኩ። እዚያም የጠበቀኝ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው፤ በቁጥር 326 የጠበቃ ወይም የወኪል ጥፋት ለመዘግየት በቂ ምክንያት አይሆንም ይላል። ዳኛው የፈረዱት በሕጉ ነው፤ በእሳቸው ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ውሳኔን ያለ ምክንያት በሰሌዳ ላይ ሰክቶ፣ ወረቀቱን ስድስት ሳምንት አፍኖ፣ ከዚያ «ዘገያችሁ» በሚል መሥሪያ ቤት ላይ ነው። ከሱ ቀጥሎ በራሴ ላይ።

ከዚያ በኋላ የማስተምርበትን መንገድ ቀየርኩ። ድሮ ኮርሱን የምጀምረው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37፣ ፍትሕ በማግኘት መብት ነበር። አሁን የምጀምረው በመዝገብ ቤት ነው። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ እውነተኛ ማመልከቻ ወደ አንድ እውነተኛ መሥሪያ ቤት ይዞ ይሄዳል፤ ቀን፣ ገቢ ቁጥርና ማኅተም ያለበት ቀሪ ቅጂ ካላመጣ ውጤት የለውም። አንዳንድ ባልደረቦቼ «ይህ የጉዳይ አስፈጻሚ ሥራ እንጂ ሕግ አይደለም» ይሉኛል። ስቼ የማውቀው እኔ ነኝና አልሰማቸውም።

የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ ረቂቅ ለውይይት ሲቀርብ እኔም የጽሑፍ አስተያየት ልኬአለሁ፤ የጻፍኩት ስለዚያ ሰሌዳ ነበር። በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ሆኖ ሲወጣ ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ፣ መመሪያ ከመውጣቱ በፊት ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት፣ ሳይመዘገብና ይፋ ሳይወጣ እንዳይሠራበት ደነገገ። ሳነበው ደስ አለኝ፤ የኔ ወረቀት ያመጣው ባይሆንም ኮራሁበት። ነገር ግን የክልል መሥሪያ ቤቶችን አያስገድድም። እኚያን እናት ያጉላላው መስኮት የክልል ከተማ መስኮት ነው። ስለ ሕግ ማሻሻያ ስታነቡ በመጀመሪያ «ማንን ያስገድዳል?» ብላችሁ ጠይቁ።

የካሳ አዋጁም በ1161/2011 ተተክቷል፤ አቤቱታ ሰሚና ይግባኝ ሰሚ ተብሎ ሁለት አካል አለው። በያንዳንዱ ደረጃ የሚቆጠር ቀን አለ፤ የዛሬውን ሕግ ዛሬ አንብቡ፣ ከአምና ማስታወሻ አትሥሩ።

መሥሪያ ቤቶች ሁልጊዜ የሚመክሩት «መጀመሪያ በንግግር እንጨርሰው፣ ወረቀት አታብዙ» የሚለውን ነው። አትስሟቸው። ውሳኔውን በጆሯችሁ በሰማችሁ ዕለት፣ ገና በዚያው ቀን፣ «የውሳኔው ግልባጭ ይሰጠኝ» የምትል ሦስት መስመር ጻፉ። በሁለት ቅጂ አድርጓት፤ አንዱ ላይ ማኅተም አስመቱ። አንቀበልም ካሉ ወደ ፖስታ ቤት ሂዱና በአደራ ደብዳቤ ላኩት፤ ደረሰኙን አትጣሉ። ቀኑን ከሰማችሁበት ዕለት ቁጠሩ እንጂ ወረቀቱ ከደረሳችሁበት አይደለም። ግልባጩ በ25ኛው ቀን ካልመጣ ሳትጠብቁ በሰሌዳው ፎቶ ይግባኝ በሉ፤ ግልባጩን በኋላ ታያይዙታላችሁ። እንዲህ ያለውን ይግባኝ መዝገብ ቤት «ያልተሟላ ነው» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ይመልሰው፤ የመለሰበትን ምክንያት በጽሑፍ ይስጣችሁ።

ለጠበቃ መምህራን ደግሞ፦ በፈተና ሰሞን ቀን የሚቆጠርበት ጉዳይ አትያዙ። ጠበቃ በዓመት 50 ሰዓት ነፃ አገልግሎት እንዲሰጥ በጊዜው የፌዴራሉ የሥነ ምግባር ደንብ ያዝዝ ነበር፤ ነፃ ጉዳይ ግን ሲመች የሚታይ ጉዳይ አይደለም። የእሳቸው በነፃ የያዝኩት ነበር። የከፈለ ደንበኛ ቢሆን ኖሮ ሰኔ 8 ማታ እጽፍ እንደነበር አውቃለሁ።

እኚያን እናት በዓመቱ ሄጄ አገኘኋቸው። ምትክ ቦታ ላይ አንዲት ክፍል ሠርተዋል፤ ማድቤቱ ገና በቆርቆሮ ነው። ቡና አፈሉልኝ። ከሁለተኛው ስኒ በኋላ ጥፋቱ የዳኛው ሳይሆን የኔ እንደነበር፣ አንዲት ማመልከቻ በሰኔ አስገብተን ቢሆን ኖሮ እንደማንሸነፍ ነገርኳቸው። ስኒውን አስቀመጡና ዝም አሉ። ከዚያ ጥግ ላይ ተቀምጣ የምታጠና የልጅ ልጃቸውን በአገጫቸው አሳዩኝ።

«አሥረኛ ክፍል እኮ ናት» አሉ። «ጽፋ ትሰጠኝ ነበር። ምነው ያኔ ብትነግረኝ ልጄ?»