«አንተ ሽማግሌ፣ ምን ልታደርግ ነው?»፦ የሦስተኛ ዓመት ማስታወሻዬ

ሦስተኛ ዓመቴን ጨረስኩ። የምማረው የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነው፤ መሆን የምፈልገው የሁለተኛ ደረጃ መምህርት። በየዓመቱ መጨረሻ የተማርኩትን ጽፌ በዚሁ መንገድ ላይ ላላችሁ ማካፈል ልማዴ ሆኗል። ዘንድሮ የማወራው ብዙ አለኝ።

የመጀመሪያ ዓመት አነባበቤ ይሄን ይመስል ነበር። መጽሐፉን እከፍታለሁ፣ ያልገባኝን ቃል ሁሉ ከመዝገበ ቃላት አወጣለሁ፣ ትርጉሙን ዳር ላይ እጽፋለሁ። በሰዓት 8 ገጽ ብሄድ ነው። ከዚያ ማጠቃለያ ፈልጌ አነባለሁ። ፈተና ላይ የምጽፈውም የማጠቃለያውን ሐሳብ ነበር። ውጤቴ መጥፎ አልነበረም። ግን አንድ ሰው ገጹን ገልጦ «እዚህ ጋ ምን ደስ አለሽ?» ቢለኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

ለውጡ የመጣው በሼክስፒር በኩል ነው። በኪንግ ሊር።

ታሪኩን ለማታውቁት፦ ያረጀ ንጉሥ መንግሥቱን ለሦስት ሴት ልጆቹ ሊያካፍል ይነሳል። ማን አብልጣ እንደምትወደው በቃል እንዲነግሩት ይጠይቃል። ሁለቱ ታላላቆች ያሞካሹታል። ትንሿ ግን አላሞካሽም ትላለች፤ ንጉሡም ተቆጥቶ ይክዳታል። በዚህ ጊዜ ኬንት የሚባል ታማኝ ባለሟል መሀል ይገባል።

ይህን ትዕይንት ሁለት ጊዜ አንብቤ አልፌዋለሁ። የዛሬው እንግሊዝኛ ለሁሉም ሰው አንድ «ዩ» ብቻ ነው ያለው። በዚያ ዘመን ግን «ዛው» የሚባልም ነበር። የግርጌ ማስታወሻው «የዩ ጥንታዊ መልክ» ብሎ ይተወዋል። እኔም ተውኩት።

ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ ማታ ትዕይንቱን ለራሴ ልምምድ ወደ አማርኛ መመለስ ጀመርኩ። አማርኛ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ዝም ብሎ አያሳልፍም። ግሡ ሁሉ ይጠይቃል፦ አንተ ነው? እርስዎ ነው? ሳልወስን አንድ መስመር መጻፍ አልቻልኩም። ስለዚህ ወደ እንግሊዝኛው ተመልሼ ማን ለማን እንደ እርስዎ «ዩ» አለ፣ ማን እንደ አንተ «ዛው» አለ ብዬ በእርሳስ ማክበብ ያዝኩ። ኬንት ንግግሩን የሚጀምረው በአክብሮት ነው። ሁሌም እንደ ንጉሡ ሲያከብረው፣ እንደ አባቱ ሲወደው እንደኖረ ይናገራል። ንጉሡ አልሰማ ሲለው ግን ድንገት ይለወጣል፦ «አንተ ሽማግሌ፣ ምን ልታደርግ ነው?»

ይህን በአማርኛ ስጽፈው ደነገጥኩ። ንጉሥን! በአሽከሮቹና በልጆቹ ፊት! ኬንት ከአገር የሚባረርበት ምክንያት ያኔ ነው በአጥንቴ የገባኝ። ሁለት ጊዜ በእንግሊዝኛ አንብቤው ያልሰማሁትን ድምፅ የራሴ ቋንቋ አሰማኝ።

እርግጥ ሕጉ ሁልጊዜ ቀጥ ያለ አይደለም። አባት ለልጁ በፍቅር «ዛው» ይላል፣ የተናደደ ሰውም ለጠላቱ «ዛው» ይላል። ለአምላክም የሚባለው «ዛው» ነው። ይሄ ፈረንጅን ሊያስገርመው ይችል ይሆናል፤ እኛ ግን ንጉሥን እርስዎ፣ ፈጣሪን አንተ እያልን ስላደግን አይጠፋንም። ሥነ ጽሑፍ የምትማሩ፣ እባካችሁ አማርኛችሁን ከክፍሉ ውጭ አትተዉት። ሁለት ዓመት ሙሉ አማርኛዬን እንደ እንቅፋት ነበር የቆጠርኩት።

ግጥም ላይ ግን አማርኛው ብቻውን አላደረሰኝም። የእኛ የወል ቤት ስንኝ 6 እና 6 ሆኖ 12 ቀለም ነው፤ ጆሯችን የለመደው ቁጥሩን ነው። የእንግሊዝኛው አምስት እግር ያለው መስመር 10 ቀለም አለው፣ ሆኖም መቁጠሩ አይበቃም። አንዱ ቀለል፣ ቀጣዩ ከበድ እያለ አምስት ጊዜ መርገጥ አለበት። ይህን በዓይን ማግኘት አልቻልኩም። መፍትሔው ድምፅ አውጥቶ ማንበብና ጠረጴዛውን በጣት መምታት ሆነ። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ገጣሚው ሆን ብሎ ምቱን የሚሰብርበት ቦታ ጆሮዬ ላይ መቆርቆር ጀመረ።

ከኮርሶቹ ሁሉ ንቄው የገባሁት የቋንቋ ታሪክ ነበር። ለማስተማር የጠቀመኝ ግን እሱ ነው። ታናሽ እህቴ ዘጠነኛ ክፍል ናት። አንድ ቀን ባላባት ወታደርን «ናይት» ብለን እያነበብን መነሻው ላይ «ኬ»፣ መሀሉ ላይ «ጂ» እና «ኤች» ለምን እንደሚጻፉ ጠየቀችኝ። ቀድሞ ቢሆን «እንግሊዝኛ እንደዚህ ነው፣ ዝም ብለሽ ሸምድጂው» እላት ነበር። አሁን መልስ ነበረኝ። በ14ኛው መቶ ዘመን፣ በገጣሚው በቾሰር ጊዜ፣ «ኬ»ዋ ትነበብ ነበር፤ የመሀሎቹም የጉሮሮ ድምፅ ነበራቸው። ካክስተን በ1476 እ.ኤ.አ. ማተሚያ ወደ እንግሊዝ ሲያስገባ ቋንቋው ገና እየተለወጠ ነበር። አጻጻፉ ቀስ በቀስ ባለበት ረጋ፤ አነባበቡ ግን መንገዱን ቀጠለ።

ትንሽ አሰበችና «እንደ ሰ እና ሠ ማለት ነው?» አለችኝ።

አቅፌ ሳምኳት። ልክ ነበረች። ድሮ የተለያየ ድምፅ የነበራቸው ፊደሎች ዛሬ አንድ ሆነው ይነበባሉ፤ አጻጻፉ ላይ ግን አሉ። እንዲህ ያለውን ምሳሌ የትኛውም መማሪያ መጽሐፌ ላይ አላየሁም።

አሁን ወደ ማስተማር ልምምዱ ልምጣ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜዬ 40 ደቂቃ ነበር። አንድ አጭር ግጥም ይዤ ገባሁ። 25 ደቂቃውን ስለ ገጣሚው ሕይወት አወራሁ። ከዚያ ጥያቄ መጠየቅ ጀመርኩ። ዝም ሲሉኝ እኔው መለስኩ። ደግሜ ጠየቅኩ፤ ደግሜ መለስኩ። የሚከታተሉኝ መምህርት ከኋላ ተቀምጠው ይጽፉ ነበር። ሲያልቅ ማስታወሻቸውን አሳዩኝ። 14 ጥያቄ ጠይቄ 11ዱን ራሴ መልሻለሁ። «ልጄ፣ ልጆቹ እኮ ሊያስቡ ሲሉ ነው የምትቀድሚያቸው» አሉኝ። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ በኋላ ያነበብኩት ነገር ረዳኝ። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መምህራን ከጠየቁ በኋላ ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቁ ለክታ ነበር። በአብዛኛው አንድ ሰከንድ ገደማ ሆኖ አገኘችው። ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያደርሱት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ራሳቸውም መጠየቅ ጀመሩ። 3 ሰከንድ ትንሽ ይመስላል። ሰሌዳ ፊት ቆማችሁ ሞክሩት። በጣም ረጅም ነው።

አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሁለት ነገር ለወጥኩ። አንደኛ፣ ጠይቄ በልቤ እየቆጠርኩ ጠበቅሁ። ሁለተኛ፣ የገጣሚውን ስም አልነገርኳቸውም። ይሄኛውን የወሰድኩት ከአይ ኤ ሪቻርድስ ነው። ካምብሪጅ ለሚያስተምራቸው ተማሪዎች ስም የሌለባቸው ግጥሞች ሰጥቶ አስነብቦ የጻፉትን በ1929 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አውጥቶታል። ታላቅ ስም ሲነሳ አንባቢው አድናቆት ያዘጋጃል፤ ስሙ ሲጠፋ ግጥሙን ማየት ግድ ይሆናል። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ሰውዬው እያመሰገናት አይደለም፣ ይቅርታ እየጠየቃት ነው» አለች። ግጥሙን እኔ ቢያንስ አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ። እንደዚያ አላነበብኩትም ነበር። ቤት ገብቼ የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች ደግሜ ሳያቸው እውነቷን ነው።

የደራሲ ሕይወት አያስፈልግም አልልም። ቀድሞ ሲመጣ ግን በሩን ይዘጋዋል። አሁን የማስገባው ልጆቹ ራሳቸው «ይሄን የጻፈው ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ ነው።

የንባብ ፍጥነቴ በሰዓት 20 ገጽ ደርሷል። ማጠቃለያ ማንበቡን ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም፤ ከራሴ ማስታወሻ በፊት ግን አልከፍተውም። ድርሰት ስጽፍ አሁንም መግቢያዬ ይረዝማል። እሱ ላይ ገና እየሠራሁ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ለስምንት ሳምንት ክፍል እገባለሁ። ከወዲሁ ሁለት ነገር አዘጋጅቻለሁ። አንዱ የዲከንስ ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ ነው። ደራሲው መጀመሪያ የጻፈውን አሳዛኝ መጨረሻ ወዳጁ መክሮት ለውጦታል። ሁለቱንም መጨረሻ አድዬ የትኛው ለታሪኩ እንደሚገባው እንዲከራከሩ አደርጋለሁ።

ሌላው የሊር የመጀመሪያ ትዕይንት ነው። «ዩ» እና «ዛው»ን በእርሳስ ያከብባሉ፣ ከዚያ በቡድን ወደ አማርኛ ይመልሱታል። ኬንት ጋ ሲደርሱ ምንም አልናገርም። ቆሜ እጠብቃለሁ።