ዴዝ ቫሊ በብርዱ ወራት፦ ከሌንሳችሁ በፊት የጎማ መፍቻችሁን እዩ

አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ስላለው የበረሃ ፓርክ፣ ስለ ዴዝ ቫሊ የሚጽፍ ሁሉ የሚያስጠነቅቀው ስለ ሙቀቱ ነው። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 1913 እዚያ የተመዘገበው 56.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስከ ዛሬ የዓለም ክብረ ወሰን ተብሎ ይጠቀሳል። እኔ ግን ፎቶ ለማንሳት የሄድኩት በዲሴምበር ነው። ሙቀት የሚባል ነገር አላየሁም። ያቃጠለኝ ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ደግሞ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርሰው። ከላስ ቬጋስ እስከ ፈርነስ ክሪክ፣ የፓርኩ ዋና ማረፊያ፣ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። መግቢያው ለአንድ መኪና 30 ዶላር ነው፣ ለሰባት ቀን ያገለግላል። ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፣ ካርድ ያዙ። ቤንዚን ከመግባታችሁ በፊት ሙሉ፣ ውስጥ ውድ ነው። ኔትወርክ አብዛኛው ቦታ የለም፣ ስለዚህ ካርታውን ስልካችሁ ላይ አውርዱ።

ልብስ ላይ አትቀልዱ። በዲሴምበር ሸለቆው ውስጥ ቀን 18 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፣ ሌሊት ወደ 4 ይወርዳል። ሸለቆውን ከላይ የምታዩበት ዳንቴስ ቪው ደግሞ ከ1,600 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ጎህ ሳይቀድ ትራይፖድ (የካሜራ ማቆሚያ ሦስት እግር) ይዞ የቆመ ሰው ጓንት ካላደረገ ጣቶቹ አይታዘዙለትም። የካሜራ ባትሪም በብርድ ቶሎ ያልቃል። ትርፉን ባትሪ ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ከሰውነታችሁ ጋር፣ ውስጥ ኪስ ውስጥ ያዙት።

የጎብኚዎች ማዕከል ስትገቡ በአንድ ቀን ሊታዩ የሚችሉ ቦታዎችን ዝርዝር ይነግሯችኋል። ለቱሪስት ጥሩ ነው። ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ግን አይሆንም። በብርዱ ወራት ቀኑ አጭር ነው። ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል ላይ ትጠልቃለች። ተራራው ሥር ከሆናችሁ ደግሞ ጥላው ከዚያም ቀድሞ ይደርስባችኋል። ጠዋት አንድ ቦታ፣ ማታ አንድ ቦታ ምረጡ። በቃ።

ባድዋተር የሚባለው የጨው ሜዳ ከባሕር ጠለል በታች 86 ሜትር ነው። ዳናኪል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ እንደሚል ለሚያውቅ ሀበሻ ቁጥሩ ብዙም አይደንቅም። የሚደንቀው ፊት ለፊት ያለው ነው። ቴሌስኮፕ ፒክ 3,368 ሜትር ከፍታ አለው፣ በዚህ ወቅት አናቱ ላይ በረዶ ይኖራል። ሰው ሁሉ ባድዋተር የሚሄደው ማታ ነው። እኔ ጠዋት ሂዱ ባይ ነኝ። የጠዋት ፀሐይ መጀመሪያ የሚያገኘው ምዕራብ ያሉትን የፓናሚንት ተራሮች ነው። ጫፋቸው ሮዝ ሲሆን የጨው ሜዳው ገና ሰማያዊ ጥላ ውስጥ ነው። ያንን በማታ አታገኙትም። መኪና ማቆሚያው አጠገብ ያለው ጨው በእግር ተረግጦ ስላለቀ ወደ ውስጥ ራቅ በሉ፣ ያልተነካውን የጨው ቅርጽ የምታገኙት እዚያ ነው። ጨው ነጭ ስለሆነ ካሜራው ይታለላል፣ ፎቶውን ያጠቁረዋል። ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን) አንድ ስቶፕ ያህል፣ ማለትም እጥፍ፣ ከፍ አድርጉት። የትራይፖዱን እግር ማታውኑ በንጹህ ውሃ እጠቡት፣ ጨው ብረት ይበላል።

ዛብሪስኪ ፖይንት የሚባለው መመልከቻ ላይ ደግሞ ሰው ጠዋት ሰማዩ ሮዝ ሲሆን ቀጭ ቀጭ ያደርግና ይሄዳል። እናንተ ቆዩ። ጥሩው ነገር የሚመጣው ፀሐይዋ ብቅ ብላ የሸክላ ኮረብቶቹ እያንዳንዳቸው ጥላቸውን ሲጥሉ ነው። ሰፊ ሌንስ እዚያ ምንም አይሠራም፣ ረጅሙን አውጡ።

አሁን ወደ ሬስትራክ ልምጣ።

ሬስትራክ ፕላያ ፓርኩ ውስጥ ያለ የደረቀ ሐይቅ ነው። ድንጋዮች መሬቱ ላይ እየተንሸራተቱ ረጃጅም መስመር ትተው ሄደዋል። ለብዙ ዓመት ምክንያቱ አልታወቀም ነበር። በ2013 ዲሴምበር ተመራማሪዎች ድንጋዮቹ ሲንቀሳቀሱ በዓይናቸው አዩ፣ በ2014 አሳተሙት። ነገሩ የብርድ ሥራ ነው። ሜዳው ላይ ትንሽ ውሃ ይተኛል፣ ሌሊት ስስ በረዶ ይሠራል። ረፋድ ላይ በረዶው ይሰነጠቅና ቀለል ያለ ነፋስ ይገፋዋል። በረዶው ደግሞ ድንጋዩን ይዞ ይሄዳል። ይህን ካነበብኩ ጊዜ ጀምሮ በሙቀቱ ወራት አልሄድም፣ በብርድ ነው የማየው ብዬ ነበር።

መንገዱ ከኡበሂቢ እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ተነስቶ 43 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ሰዓት ይፈጃል። እንደ ቆርቆሮ ክዳን ሸንተረር በሸንተረር ነው፣ ድንጋዩም ስለታም ነው። ፓርኩ ከፍ ያለ መኪናና ጠንካራ ጎማ ያዙ ይላል። እኔም ይህን አውቄ ነው ቬጋስ ያለ አንድ አከራይ ድርጅት ዘንድ ባለ አራት ጎማ ጎታች መኪና የተከራየሁት። ባንኮኒው ላይ የነበረው የኛው ልጅ ነው። ስላገኘሁት ደስ ብሎኝም ነበር። የት እንደምሄድ በግልጽ ነገርኩት። የጠጠር መንገድ ነው፣ ጎማ ሊፈነዳ ይችላል አልኩት።

«አታስብ ወንድሜ፣ ይቺ መኪና ተራራ ትወጣለች» አለኝ። «ስኮርታውስ?» አልኩት። «ሙሉ ነው፣ አታስብ።»

ስኮርታው እውነትም ሙሉ ነበር። ክሪኩም ነበር። መፍቻውም ነበር።

ከጓደኛዬ ጋር ቲኬትል ጃንክሽንን አለፍን። ሰዎች የሻይ ማንቆርቆሪያ እየሰቀሉ የሚሄዱበት ምልክት ነው (ጀበና የሰቀለ ሀበሻ እስካሁን የለም)። ከዚያ ብዙም ሳንርቅ የኋላ ግራ ጎማ ፉሽ አለ። ወርደን ስናይ ጎኑ ተተርትሯል። ጎሚስታ ቢኖርም አይለጥፈውም። ጓደኛዬ ሳቀ። እኔም አልከፋኝም፣ ግማሽ ሰዓት ሥራ ነው ብዬ። አንድ ዳዶ ፈታሁ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስተኛው ላይ መፍቻው አልገባም።

የሌባ መከላከያ ዳዶ ነው። ከእያንዳንዱ ጎማ ላይ አንዷ ዳዶ ቅርጿ የተለየ ትሆናለች፣ የምትፈታው በራሷ ትንሽ ቁልፍ ብቻ ነው። ቁልፏ አብዛኛውን ጊዜ ከክሪኩ ጋር ወይም ዳሽቦርድ ኪስ ውስጥ ትቀመጣለች። ኪሱን አወጣን፣ ምንጣፉን ገለበጥን፣ የመቀመጫ ሥር በባትሪ አየን። የለችም። ሙሉ ስኮርታ ይዘን፣ ክሪክ ላይ የተሰቀለ መኪና አጠገብ፣ በአንዲት ዳዶ ምክንያት ቆመን ቀረን።

ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ነበር። ስልኩ ኔትወርክ የለውም። በእግር እንሂድ አለ ጓደኛዬ፣ እኔ እምቢ አልኩ። በዚህ ላይ ፓርኩ የሚለው ልክ ነው፤ መኪናችሁን ትታችሁ አትሂዱ። ግን መቀመጥ ማለት ምን እንደሆነ የሚነግራችሁ የለም። የመጣሁበት ብርሃን ዓይኔ እያየ ሄደ። ጥላው ከምዕራቡ ጋራ ወርዶ መንገዱን ሸፈነ፣ ብርዱም ተከትሎ መጣ። እዚያ ከሸለቆው ወለል ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላችሁ ነው ያላችሁት፣ ስለዚህ የፈርነስ ክሪክን የአየር ትንበያ እርሱት። ያለንን ልብስ ሁሉ ደራረብን። አንድም ፎቶ አላነሳሁም፤ ተናድጃለሁ ነው የምላችሁ።

ሊመሽ ሲል ከሬስትራክ የሚመለስ ፒካፕ መጣ። ሽማግሌ ባልና ሚስት ናቸው። ሰውየው ዳዶውን አየና ራሱን ነቀነቀ። ከዳዶው ትንሽ ጠበብ ያለ የመፍቻ ጭንቅላት መረጠ፣ በመዶሻ ደብድቦ ላዩ ላይ አስገባው፣ ከዚያ በረጅም ብረት አዞረው። ጮኸና ተፈታ። «ማንም እዚህ ሲመጣ የማያየው ይህቺን ነው» አለኝ። ገንዘብ ብሰጠው አልተቀበለም። ከኋላችን ሆነው አስፋልት እስክንደርስ ሸኙን። ያለ ስኮርታ ወደ ሬስትራክ መቀጠል የማይታሰብ ነበር።

ቬጋስ ስንመለስ የጎማውንም፣ የተበላሸችውን ዳዶም አስከፈሉኝ። «ያልተነጠፈ መንገድ ላይ መንዳት ውሉ ይከለክላል» አለኝ ያው ልጅ። አንተ አይደለህ እንዴ ተራራ ትወጣለች ያልከኝ? «ወንድሜ፣ ውሉን ፈርመሃል እኮ።» ቁልፏስ የት አለች? ትከሻውን ነቀነቀ። ቁልፍ የሌለው ዳዶ ያለበት መኪና አከራይቶ፣ ዳዶው ተሰበረ ብሎ ማስከፈል! ብዙ ከተጻጻፍን በኋላ የዳዶውን መለሱ፣ የጎማውን ግን እስከ ዛሬ አልመለሱም። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ስለዚህ መኪና ስትረከቡ ጭረት ብቻ አትፈልጉ። እዚያው ግቢያቸው ውስጥ አራቱንም ጎማ ተመልከቱ። ለየት ያለ ዳዶ ካለ ቁልፉን አምጡ በሉ፣ በዓይናችሁ እዩ፣ ከመፍቻው ጋር መግጠሙን ሞክሩ። ቢታዘቧችሁም ይታዘቧችሁ። የጠጠር መንገድ ይፈቀዳል ካሏችሁ በኢሜይል ይጻፉላችሁ። «አታስብ» ያለ ሰው ሁሉ ካሰባችሁ በላይ እንድታስቡ ያደርጋችኋል። ውሉ ከከለከለ ደግሞ ለእንዲህ ያለ መንገድ ብሎ መኪና የሚያከራይ ቦታ ፈልጉ። ውድ ነው፤ ግን ከዚያ መንገድ መኪና ማስጎተት ከዚያ ይበልጣል። የጎማውን ነፋስ ትንሽ ቀንሱ፣ ለመመለሻ የሚሆን መንፊያ ያዙ፣ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ሳተላይት መልእክት የሚልክ ስልክ ካላችሁ አጠቃቀሙን ቤታችሁ ተለማመዱ።

በኋላ ትክክለኛ መኪና ይዤ ተመልሼ ሄጃለሁ። ድንጋዮቹ በብዛት ያሉት ሜዳው ደቡብ ጫፍ ላይ ነው፣ የመጀመሪያው ማቆሚያ ላይ ቆማችሁ የሉም ብላችሁ እንዳትመለሱ። ካሜራውን ዝቅ አድርጉት፣ መስመሩ ከእናንተ ተነስቶ ወደ ድንጋዩ ይሂድ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ጋራው ጀርባ ቀድማ ስለምትገባ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ማታ ከቆያችሁ ሰማዩ ሌላ ነው፣ ፓርኩ ከ2013 ጀምሮ ለጨለማ ሰማዩ እውቅና አለው። ግን በዲሴምበር የፍኖተ ሐሊብን ደማቅ እምብርት አትጠብቁ፣ ያ የሙቀቱ ወራት ነው። ኦሪዮን የሚባለውን የከዋክብት ስብስብ አንሱ።

ከፈረንጅ ገና እስከ አዲስ ዓመታቸው ያለውን ሳምንት ተዉት፣ ሰው ይበዛል። ጃንዋሪ አጋማሽ ይሻላል። በሄዳችሁበት ቀን ጠዋት መንገድ መከፈቱን ጠይቁ። በ2023 ኦገስት በአንድ ቀን የዓመቱን ያህል ዝናብ ወርዶ ፓርኩ ሁለት ወር ገደማ ተዘግቶ ነበር፤ ባድዋተር ላይ የተኛው ውሃም እስከ 2024 መጀመሪያ ቆይቶ ሰው ታንኳ ቀዝፎበታል። ስትጠይቁ ስለ መንገዱ ብቻ አትጠይቁ፣ ሬስትራክ ደርቋል ወይ በሉ። እርጥብ ከሆነ ጫፉ ላይ ቆማችሁ በረጅም ሌንስ አንሱ እንጂ አትርገጡት፣ የጫማ ዱካ እዚያ ጭቃ ላይ ለዓመታት ይቀራል።