ኦቦን ያሳላቸው ጠዋት

14ኛው ቀን ላይ ነበርን። ሰውየው የከፈለው ለ21 ቀን አደን ነው። እስከዚያ ድረስ ያየነው ቀንድ የሌላቸውን ሴቶቹን፣ ግልገሎቻቸውንና ጉም ነው። አንድ ማለዳማ ልንጠጋ ስንል የምኒልክ ድኩላ አየንና እንደ ውሻ ጮኸ። ሸለቆውን በሙሉ አስደነበረብን።

ቦታው ባሌ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ፣ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ከሰው ቁመት የሚበልጥበት። ደንበኛችን የመጣው ለደጋ አጋዘን ነው። ከኢትዮጵያ ውጪ የትም ስለሌለ ለእሱ ብሎ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን መመለስ አይፈልግም። የመጀመሪያው ቀን ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብለን፣ ሰውየው ይህ እንስሳ ለሳይንስ የተመዘገበው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1910 መሆኑን አስረዳን። ለኦቦ ተረጎምኩላቸው።

"ከዚያ በፊት የት ነበር?" አሉኝ።

ይህን አልተረጎምኩም።

ኦቦ ዱካ ፈላጊያችን ናቸው። ሁላችንም ኦቦ ብቻ ነበር የምንላቸው። እሳቸው በኦሮምኛ፣ ሰውየው በእንግሊዝኛ፣ እኔ መሃል። አለቃዬ፣ ማለትም ፈቃድ ያለው ፕሮፌሽናል አዳኙ፣ ሁለቱንም ቋንቋ ይችላል። ጭንቅ ሰዓት ላይ ግን ሁለቱም ይጠፉበታል።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ጉሙ ተከፈተ። ማዶ፣ ከኮሶዎቹ ግርጌ ስድስት ሴቶች ይግጣሉ። ከመሃላቸው አንድ ወንድ ቀና አለ። ቀንዱ ተጠምዝዞ ወጥቶ ጫፉ ጋ ወደ ውጭ ተከፍቷል። በጆሮው ልክ እያባዛሁ ገመትኩት። 33 ኢንች። ዓይኔ ቢሳሳት እንኳ 32። ሰውየው ጠመንጃውን መደገፊያው ላይ አሳረፈ።

ኦቦ መነጽሩን ከዓይናቸው ሳያነሱ "ይሄ ገና አላገባም" አሉ።

"ምን አለ?" አለኝ ሰውየው።

እንግዲህ ይህን እንዴት ነው የምትተረጉመው?

"ወጣት ነው ይላሉ።"

"ስንት ኢንች ነው?"

"33።"

"33 ሆኖ ወጣት?"

ወደ ኦቦ ዞርኩ። "ትልቅ ነው ይላል።"

"ቀንዱ ትልቅ ነው" አሉ። "እሱ ትንሽ ነው።"

ልክ ነበሩ። የሸመገለ ወንድ ይጠቁራል፣ ከሰል ይመስላል። አንገቱ ይደነድናል። የቀንዱ ጫፍ ከዛፍና ከአፈር ጋር ሲታገል ተበልቶ ይደንዛል። እንዲህ ከሴቶች መሃልም ብዙ አይገኝም፤ ወይ ብቻውን ነው፣ ወይ መንጋው ከወጣ ቆይቶ ነው ብቅ የሚለው። ይሄኛው ቡናማ ነው። አንገቱ ቀጭን፣ የቀንዱ ጫፍ እንደ መርፌ። የዓመቱ ኮታችን ደግሞ በጣት የሚቆጠር ነው። ሽማግሌውን ብትመታ የወለደውን ወልዷል። ይሄ ግን ገና መጀመሩ ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ የተማርኩትም ከኦቦ ነው። ግን 33 ኢንች ማለት ወፍራም ቲፕ ማለት ነው። የቤት ኪራይ ደግሞ ደርሶብኛል።

አለቃዬን አየሁት። ሣር ያኝካል።

ሰውየው የጠመንጃውን መጠበቂያ ከፈተ።

ኦቦን አሳላቸው።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ደረቅ ሳል። 13 ሌሊት ውርጭ ላይ አድረው አንዴም ያልሳሉ ሰው ናቸው። ወንዱ ጆሮውን አዞረ። ከዚያ አስታው ውስጥ ገባና ጠፋ።

"ይቅርታ፣ ብርዱ ነው" አሉ።

ይሄኛውን ቃል በቃል ተረጎምኩት። ሰውየው እስከ ምሳ አላናገረንም። እኔም ኦቦን አላናገርኳቸውም። እውነቱን ለመናገር ከእሱ ይልቅ የተናደድኩት እኔ ነበርኩ። ሰውየው የቀረበት ቀንድ ነው።

17ኛው ቀን፣ ምሽት ላይ፣ ሽማግሌውን አገኘነው። ብቻውን አሜጃ ሥር ቆሟል፣ ጥቁር ብሎ። የግራ ቀንዱ ጫፍ የለም። ኦቦ "ይሄ ነው" አሉ፤ ጉንፋኑም ለቋቸዋል። በአንድ ጥይት ወደቀ። ቴፑ 28 ተኩል አለ። ሰውየው ቴፑን ከእጄ ተቀብሎ ራሱ ደግሞ ለካ። 28 ተኩል።

ማታ ለአለቃዬ ቋንቋው ተመለሰለት። "እኛ ጋ ጎረምሳ አይመታም። ያን ጠዋት ያስጣልኩህ ለዚህ ነው" አለው። ከዚያ ወዲህ ይህን ታሪክ ለአዲስ ደንበኛ ሁሉ ይነግራል። ደግሞ ያሳምረዋል። በእሱ አተራረክ ኦቦም የሉ፣ ሳልም የለ። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። የዚያ ጊዜ ፖስታዬ ቀጭን ነበረች። ለኦቦ ስንት እንደደረሳቸው አልጠየቅኩም።

በዓመቱ እዚያው ሸለቆ ተመለስን። ኦቦ ጉልበታቸውን አሟቸው ቤት ቀርተዋል። በአራተኛው ቀን ከኮሶዎቹ ግርጌ አንድ ወንድ ወጣ። በቀንዱ አከፋፈት አወቅሁት። 35 ገብቷል። አንገቱ ትንሽ ወፍሯል። ጀርባው ግን አሁንም ቡናማ ነው።

"ምን ትላለህ?" አለኝ አዲሱ ደንበኛ።

አለቃዬ ሣር ያኝካል።

እኔን ግን አላሳለኝም።

ፖስታዋ በዚህኛው ጊዜ ወፍራም ነበረች። ወደ አዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት ኦቦን ልጠይቃቸው ቤታቸው ገባሁ። ስኳርና ቡና ይዤ ነበር። ልጃቸው ቡናውን አፈላችው። የመጀመሪያውን እስክንጠጣ ድረስ ስለ ጉልበታቸውና ስለ ዝናቡ አወራን።

"ያን ጎረምሳ መቱት አሉ" አሉኝ ከዚያ።

"አዎ ኦቦ።"

"ጠቁሮ ነበር?"

"ጠቁሮ ነበር።"

"እንግዲያ አግብቷል ማለት ነው" አሉና ሁለተኛውን እንድትቀዳልኝ ለልጃቸው ነገሯት።