ሃያ ቤት፣ አንድ ቱቦ

ስለ ኦራንጊ ልጽፍ ልጽፍ ስል ቆይቻለሁ። ፓኪስታን፣ ካራቺ ውስጥ ያለ የድሃ ሰፈር ነው። ሰፈር አልኩት እንጂ ስፋቱ የከተማ ነው፤ ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው ይኖርበታል መባል ከጀመረ እንኳ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ታሪኩ የሽንት ቤት ታሪክ ነው። ምግብ ላይ ከሆናችሁ ጨርሳችሁ ተመለሱ።

ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሰፈሩ የተቆረቆረው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። ከ1971ዱ ጦርነት በኋላ፣ ባንግላዴሽ ከፓኪስታን ስትለይ፣ ቢሃሪ የሚባሉት ስደተኞች በገፍ መጡና ሰፈሩ አበጠ። ፓሽቱኑም፣ ፑንጃቢውም፣ ሲንዲውም፣ ባሉቹም አለበት። መሬቱ የመንግስት ነው፤ ሸንሽነው የሸጡላቸው ግን ደላሎች ናቸው። ደላላ መሬት ይሸጥልሃል፣ ቱቦ አይቀብርልህም። ሰዉ ቤቱን በራሱ ጉልበትና ገንዘብ ሠራ። ሽንት ቤቱ ባልዲ ነው፤ በየጥቂት ቀኑ የሚደፋ ሰው ይመጣል። እጣቢው በር ላይ ይፈሳል። አቅም ያለው ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ ጉድጓዱም ሞልቶ ይገነፍላል። ልጆች እዚያው ላይ ይጫወታሉ፣ ታይፎይድና ተቅማጥ ከቤት አይጠፋም፣ እርጥበቱ ግድግዳ ይበላል።

በ1980 እዚህ ሰፈር አንድ ሽማግሌ መጡ። አክታር ሐሚድ ካን ይባላሉ። ያኔ ስልሳዎቹን አጋምሰዋል። በወጣትነታቸው፣ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ዘመን፣ የሕንድ ሲቪል ሰርቪስ ሹም ነበሩ፤ በዚያን ጊዜ ከዚያ በላይ የሚመኙት ወንበር የለም። ከቤንጋል ረሃብ በኋላ፣ በ1945፣ ወንበሩን ጥለው ወጡ። ወጥተው የት ገቡ? አሊጋር አጠገብ ያለ መንደር ሄደው የቀን ሠራተኛና ቁልፍ ሠሪ ሆኑ። ይሄን ሳነብ ሰውየው ትንሽ ነካ ያደርጋቸዋል እንዴ ብዬ ነበር። በኋላ ኮሚላ ውስጥ፣ ዛሬ ባንግላዴሽ በሚባለው አገር፣ በ1959 የገጠር ልማት አካዳሚ አቋቁመው ስማቸው ገነነ። ኦራንጊ ሲገቡ እንግዲህ ጀማሪ አልነበሩም። እዚያ የጀመሩት ሥራ የኦራንጊ ፓይለት ፕሮጀክት ይባላል፤ ወጪውን የሸፈኑት አጋ ሐሰን አቤዲ የሚባሉ ባለባንክ ናቸው። ባንካቸው ቢሲሲአይ ከጊዜ በኋላ በቅሌት ተዘግቷል፤ ያ ሌላ ጣጣ ነው።

ካን ያለቀለት ፕሮጀክት በቦርሳቸው ይዘው አልመጡም። ሰፈሩን እየዞሩ ሰዉን አነጋገሩ። ምን ቸገራችሁ ሲሉ ከሁሉ በፊት የሚነሳው ፍሳሽ ሆነ። ታዲያ ለምን አትሠሩትም? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመኝ። ድህነት ነው ብለው አላለፉትም። አራት እንቅፋት ለዩ። አንደኛው የአስተሳሰብ ነው፤ ሰዉ መንግስት በነጻ ይሠራልናል ብሎ ተቀምጧል። ሁለተኛው የገንዘብ ነው፤ ኮንትራክተር የሚጠራውን ዋጋ ማንም አይችለውም። ሦስተኛው የሙያ፣ አራተኛው የአደረጃጀት። አራቱንም በአንድ ስብሰባ መፍታት አይቻልም። ግን አራቱም የሚፈቱ ናቸው።

የገንዘቡን ጉዳይ እንየው። አሪፍ ሐሰን የሚባል አርክቴክት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተቀላቀላቸውና የቱቦ ሥራ ዋጋ ከምን እንደሚመጣ መበተን ጀመሩ። ኮንትራክተሩን ስታወጣው ትርፉ ይወጣል። ከትርፉ ጋር ለእገሌና ለእገሊት የምትከፈለዋ እጅ መንሻም ትወጣለች። ዲዛይኑን ለጠባብ መንገድ እንዲመች ስታቀለው ደግሞ ሲሚንቶውም ቁፋሮውም ይቀንሳል። የማንሆሉን፣ ማለትም የቱቦው መፈተሻ ጉድጓድ ኮንክሪት የሚሞላበትን የብረት ፎርም አንዴ ካሠራኸው ከቅያስ ቅያስ ታውሰዋለህ። በዚህ በዚህ ተቀናንሶ ሽንት ቤቱና የቱቦ ድርሻው ተደምሮ ለአንድ ቤት 1 ሺህ ሩፒ ገደማ ሆነ። መንግስት ተመሳሳዩን የሚሠራበት ዋጋ የዚህን አምስት እጥፍና ከዚያም በላይ ነበር። ድሃ ነው መክፈል አይችልም ሲባል የኖረው ሰው መክፈል ቻለ። ያልቻለው የነጋዴውን ዋጋ ኖሯል።

አሁን ቅያሱን እንየው። ካን ሰፈሩን በሙሉ አላደራጁም። ኮሚቴ፣ ንዑስ ኮሚቴ፣ ሊቀመንበር፣ ማኅተም፣ ይሄ ሁሉ ቀረ። አንድ ቅያስ ያዙ። ከሃያ እስከ አርባ ቤት ነው። ይሄ ቁጥር በዘፈቀደ የተመረጠ አይመስለኝም። ሃያ ቤት ውስጥ ማን ከፈለ ማን አልከፈለ በወሬ ይታወቃል፤ ኦዲተር አያስፈልግም። ቅያሱ ከመሃሉ አንድ ሰው ይመርጣል። ያ ሰው ገንዘቡን ይሰበስባል፣ ቁፋሮውን ያስተባብራል፣ ጭቅጭቁን ይሰማል። ፕሮጀክቱ ሳንቲም አይነካም። ይሄን ደግሜ ልበለው መሰለኝ፤ የነዋሪው ገንዘብ በፕሮጀክቱ ቢሮ አያልፍም። ነዋሪው ራሱ ይይዘዋል፣ ራሱ ሲሚንቶ ይገዛበታል። ቢጠፋም የጠፋው በጎረቤቱ እጅ ነው፤ ጎረቤት ደግሞ የትም አያመልጥም።

ጥያቄውም የሚመጣው ከቅያሱ ነው። ሰዎቹ ተስማምተው ሰው ሲመርጡ ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ ያኔ ባለሙያው መለኪያውን ይዞ ይመጣል። ከፍታውን ይለካል፣ ንድፉን ይሠራል፣ ስንት ሲሚንቶ ስንት ቱቦ እንደሚፈጅ አስልቶ ይሰጣል፣ መሣሪያ ያውሳል። ቆፋሪው ነዋሪው ነው፣ ወይም ነዋሪው ቀጥሮ የሚያስቆፍረው ሰው። የማይስማማ ቅያስ ካለ ማንም አይለማመጠውም። ጎረቤት ቅያስ ያለቀለትን አይቶ ራሱ ይመጣል።

ጭቅጭቁ ምን ይመስላል ብላችሁ ማሰብ ነው። ፍሳሽ ቁልቁል ነው የሚሄደው። ላይኛው ቤት ቱቦው የትም ይድረስ የት ችግሩ አይደለም፣ ከበሩ ይራቅለት እንጂ። ታችኛው ቤት ደግሞ የሃያ ቤት ጉድ በእኔ ደጅ ሊያልፍ ነው ወይ ይላል። መሃል ያለው ቤቱን ከፍታ ለክቶ ስላልሠራው ወለሉ ከመንገዱ በታች ሆኗል፣ ቱቦው ሊደርስለት አይችልም። አንዱ የለኝም ይላል፤ እንደሌለው ሁሉም ስለሚያውቅ ድርሻውን ይሸፍኑለታል ወይም በጉልበቱ ይሠራል። ሌላው እያለው የለኝም ይላል፤ ያንንም ሁሉም ያውቃል። ይሄን ከውጭ የመጣ ሰው ዳኝቶ አይዘልቀውም። ውስብስቡ የምህንድስና አይደለም። የሚፈታውም ማታ ማታ ደጃፍ ላይ ቆሞ በሚደረግ ክርክር ነው።

እያንዳንዱ ቤት ደግሞ ቱቦው ላይ ከመጋጠሙ በፊት ትንሽ ማጠራቀሚያ ይሠራል። ጠጣሩ እዚያ ይቀራል፣ ፈሳሹ ብቻ ያልፋል። ብልሃቷ ቀላል ናት፤ ቱቦው ቶሎ አይደፈንም። ከተደፈነም የማን ቤት እንደደፈነው ይታወቃል።

ሁሉም ግን ዳገት ቁልቁለቱ የተስተካከለለት መንገድ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ቅያሶች ሥራ ጥሩ አልወጣም። ኮንክሪቱ ፈረፈረ። ሰዉ ግንበኛ አይደለም፤ ሲሚንቶ ከተለሰነ በኋላ ለቀናት ውሃ እየጠጣ መቆየት እንዳለበት አያውቅም ነበር። ፕሮጀክቱ ያደረገው፣ ሕዝቡ አልቻለም ኮንትራክተር እናምጣ ማለት አይደለም። ቁጭ ብሎ የት እንደተሳሳቱ አጠና፣ ፎርሙን አሻሻለ፣ ማስተማሪያ አዘጋጀ፣ ግንበኞቹን አሠለጠነ። ስንቱ የልማት ሥራ ነው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሲደርስ ሪፖርት ተጽፎለት የሚዘጋው!

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት በየስብሰባው ይነሳል። አበል በሚከፈልበት ስብሰባ ላይ ደግሞ ሁለቴ ይነሳል። ድሩን ማን ይፈትላል፣ በምን ገንዘብ፣ መዘውሩ የት ይቀመጣል የሚለው ላይ ሲደረስ ግን የምሳ ሰዓት ይሆናል። ኦራንጊዎች ያቺን ክፍል ነው የሠሯት። በዚያ ላይ ያ ሰፈር ፍቅር የበዛበት አልነበረም። በታኅሣሥ 1986 በብሔር ተከፋፍለው በተጋደሉበት ቀን ብዙ ሰው አልቋል። እንዲህ ባለ ቦታ ከጎረቤት ጋር ገንዘብ ማዋጣት ትልቅ ነገር ነው። ቅያሱ ትንሽ ባይሆን ኖሮ የሚሆን አይመስለኝም።

ከጊዜ በኋላ ቱቦ የዘረጉት ቤቶች ከ90 ሺህ በለጡ። ከቱቦው ጎን ለጎን ሌላ ሌላውም መጣ፤ ሰፈሩ ውስጥ ለሚከፈቱ ትንንሽ ትምህርት ቤቶች ድጋፍ፣ የጤና ትምህርት፣ ከ1987 ጀምሮ ለጥቃቅን ሥራ የሚሆን ብድር። ስለነሱ ሌላ ጊዜ።

አሁን ወደሚያከራክረው ልምጣ። ይሄን ታሪክ ስናገር አንድ ተቃውሞ ሁሌ ይመጣብኛል፤ ሀብታሙ ሰፈር ከተማው ቱቦ ሲቀብርለት ድሃው ለምን ከኪሱ አውጥቶ ይቀብራል? ልክ የሆነ ጥያቄ ነው። ፍትሃዊ አይደለም፣ ፍትሃዊ ነው የሚል ሰው ካለ እኔም እከራከረዋለሁ። ራስን መቻል የምትባለዋን ነገር መንግስት ሲወዳት ደግሞ መጠርጠር ነው፤ ከበጀት ማምለጫ ትሆናለች።

ኦራንጊ ላይ የሰጡት መልስ ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። ቤት ውስጥ ያለው ሽንት ቤት፣ ቅያሱ ላይ ያለው ቱቦ፣ ቅያሶቹን የሚያገናኘው የሰፈር መስመር የነዋሪው ይሁን። እነዚህን ነዋሪው መሥራትም መጠገንም ይችላል። ዋናው መስመርና ማጣሪያ ጣቢያው የመንግስት ይሁን፤ ያንን ሃያ ቤት አይችለውም፣ ሃያ ሺህም ቢሆን አይችለውም። እንዲህ ሲከፈል ጥያቄው ይጠራል። ውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ደጅ የሚቆመው ሰው ልማት ስጡን ብሎ አይደለም። እኛ የድርሻችንን ጨርሰናል፣ መስመራችን እዚህ ጋ ቆሟል፣ የእናንተ የታል ይላል። ይሄ ልመና አይደለም።

ለዚህ ደግሞ ካርታ ያስፈልጋል። ፐርዊን ራህማን የምትባል አርክቴክት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ገባችና ካርታውን ሥራዬ ብላ ያዘችው። የሰፈሩን ወጣቶች አሠልጥነው ቅያስ በቅያስ፣ ፍሳሽ በፍሳሽ አስነሱ። ውጤቱ ባለሥልጣኑን የሚያሳፍር ሆነ፤ መሥሪያ ቤቱ የሌለው መረጃ የድሃ ልጆች እጅ ላይ ተገኘ። የለም የተባለው የፍሳሽ አውታር አለ፤ ነዋሪው በገዛ ገንዘቡ ቀብሮታል። ሁሉንም እንደ አዲስ በብድር እንሥራ ለሚል እቅድ ይሄ ክፉ ዜና ነው።

ካርታ ግን ቱቦ ብቻ አያሳይም። ፐርዊን በኋላ የመሬት ነጠቃውን መዘገበች፣ ከዋናው መስመር ውሃ እየሰረቁ በቦቴ የሚቸበችቡትን መዘገበች። ማርች 13 ቀን 2013 ከሥራ ወደ ቤቷ ስትሄድ መኪናዋ ውስጥ ተኩሰው ገደሏት። ካን ከእሷ በፊት በ1999 አርፈዋል፤ እሳቸውም በሕይወት ሳሉ ሃይማኖት ሰድበዋል በሚል ክስ ተንገላተዋል። ስለ ማኅበረሰብ ልማት የሚጻፉ ነገሮች ፈገግ ያሉ ሰዎች ፎቶ ይበዛባቸዋል። ሰፈር ገንዘቡን፣ ቱቦውንና ካርታውን ሲይዝ ግን ጥቅሙ የሚነካበት ሰው አለ፣ ያ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አያይም።

ኦራንጊን አይተው የተመለሱ እንግዶች ብዙ ናቸው፤ ብዙዎቹ ቱቦውን ይዘው ይሄዳሉ። ርካሹን ዲዛይን፣ ፎርሙን፣ ዋጋውን። ከዚያ በዓመት ይሄን ያህል ቅያስ ብለው ኮታ ያወጣሉ፣ በጀት ዓመቱ እንዳያልቅ ያልተስማማውንም ቅያስ እናስማማ ይላሉ። ማመልከቻውን ማን ጻፈው፣ ገንዘቡ ማን ኪስ ነበር የሚለው ይረሳል። እኔን ብትጠይቁኝ ዲዛይኑ ቢቀርባቸው ይሻል ነበር፤ እሱን ማንም መሐንዲስ ያገኘዋል።

ቀዳዳም አለው። የቅያሶቹ ፍሳሽ የሚገባው ሰፈሩን በሚያቋርጡት የተፈጥሮ ቦዮች ነው፣ ከዚያ ወደ ወንዙ፣ ከዚያ ወደ አረብ ባሕር። የካራቺ ፍሳሽ አብዛኛው ሳይጣራ ነው ባሕር የሚገባው። ታዲያ ፕሮጀክቱ ችግሩን ከደጃፍ አንስቶ ባሕር ላይ ደፋው ማለት ነው የሚሉ አሉ። ከፊል እውነት አለው። ግን ባሕሩ ላይ የሚደፋው የሀብታሙም ሰፈር ፍሳሽ ነው፤ እሱ ላይ ይሄን ጥያቄ የሚያነሳ ሰው አልገጠመኝም። ማጣሪያ ጣቢያ መሥራትና ማስኬድ ከመጀመሪያውም የከተማው ድርሻ ተብሎ የተጻፈ ነው። የኦራንጊ ሰው ድርሻውን ቆፍሮ፣ ከፍሎ፣ ጨርሶ ነው የሚጠብቀው።