ጺልፕጻልፕና ፊቲስ፣ በአይን አንድ በጆሮ ሁለት

ፍራንክፈርት ከገባሁ ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት ኒዳ ወንዝ ዳር ዎክ ማድረግ ልማዴ ነው፣ እዛ ቁጥቋጦው ውስጥ ከድንቢጥ ያነሰ፣ አረንጓዴም ቡኒም የሚመስል ወፍ አለ፣ ጀርመኖቹ ጺልፕጻልፕ ይሉታል፣ ስሙን ያገኘው ከድምፁ ነው ምክንያቱም ሙሉ ቀን «ጺልፕ ጻልፕ ጺልፕ ጺልፕ ጻልፕ» ሲል ነው የሚውለው። የሚዘፍነው ወንዱ ነው።

አንድ አመት ሙሉ እንደሱ ያለ ወፍ ሳይ ሁሉንም ጺልፕጻልፕ እያልኩ ፎቶ ሳነሳ ከርሜ አንድ ቀን ጎረቤቴ ያሉ ትልቅ ሴትዮ ፎቶዎቹን አይተው «ይሄኛው እኮ ፊቲስ ነው» አሉኝ። ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸው፣ ምንም ልዩነት አልታየኝም! ክብደታቸው እንኳን ሁለቱም 8፣ 9 ግራም ቢሆኑ ነው። ቆይቶ ነው አይኔ የለመደው፣ የጺልፕጻልፕ እግር ጠቆር ይላል የፊቲስ ፈዘዝ ይላል (ሁሌ ባይሆንም)፣ ጺልፕጻልፕ ደሞ ጭራውን ወደ ታች ነቅነቅ ማድረግ አይተውም።

ሴትዮዋ ግን «አይንህን ጨፍነህ ስማ» ነው ያሉኝ፣ እውነታቸውን ነው። ፊቲስ ከላይ ይጀምርና እየወረደ እየወረደ እየለሰለሰ ሄዶ ጥፍት ይላል፣ ቅኝቱ ባይሆንም እኔን ትዝታ ትዝታ ይለኛል፣ ሁለቱን አንዴ ከሰማህ በቃ በህይወትህ አታምታታቸውም። እንግሊዛዊው ቄስ ጊልበርት ዋይትም በ1768 (በነሱ አቆጣጠር) እነዚህን ወፎች የተለያዩ ናቸው ያለው ድምፃቸውን ሰምቶ ነው፣ ካሜራ የለ ምን የለ፣ በጆሮው!

በጣም የሚገርመኝ ግን የፊቲስ ክንፍ ነው፣ ከጺልፕጻልፕ ረዘም ይላል፣ መንገዱ ሩቅ ነዋ። ጺልፕጻልፕ ከዚህ ሲሄድ ብዙው ሜዲትራኒያን አካባቢ ይቀራል፣ ፊቲስ ግን ያቺን 9 ግራም ይዞ ሰሃራን ተሻግሮ ነው የብርዱን ወራት የሚያሳልፈው፣ በኛ ሀገር በኩል የሚያልፉም አሉ። ላባውንም በአመት 2 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይቀይራል፣ አንዴ እዚህ አንዴ አፍሪካ። እኔ ይሄን ካወቅኩ በኋላ ድምፁን ስሰማ ቆም ሳልል አላልፍም።

አሁን ማርች መጨረሻ ነው፣ ጺልፕጻልፖቹ ከገቡ ቆዩ፣ ዛሬ ጠዋት ብቻ አራት ሰማሁ። ፊቲስ ገና ነው፣ ኤፕሪል ላይ ነው የሚመጣው፣ እኔም ጠዋት ጠዋት መስኮቱን ከፍቼ ነው ቡናዬን የምጠጣው።