ከሞዴሉ በፊት የኢኢጂ ቅጂው ይስተካከል
ጎንደር ላይ የሚጥል በሽታን በኮምፒውተር ለማጥናት የምትነሱ ተማሪዎች፣ መጀመሪያ የኢኢጂ ቅጂውን (የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ ምዝገባ) አስተካክሉ። ሹሩባና ቅቤ ያለበት ፀጉር ላይ ኤሌክትሮድ (ሞገዱን ከራስ ቆዳ የሚቀበለው ትንሽ ብረት) አይይዝም፤ ታካሚዋ በዋዜማው ሹሩባዋን ፈትታ፣ ቅቤውን በሳሙና አጥባ፣ ምንም ሳትቀባ ትምጣ። ከዚያ የራስ ቆዳው በማሻሻ ጄል በቀስታ ይታሽና የእያንዳንዱ ኤሌክትሮድ ኢምፔዳንስ (ለኤሌክትሪክ ያለው እንቅፋት) ከ5 ኪሎ ኦም በታች ይውረድ። አንዱ 3፣ ሌላው 20 ከሆነ ከመብራት መስመሩ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ጫጫታ ወደ ቅጂው ይገባል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነውና አሜሪካ በተጻፈ ኮድ ላይ ያለውን የ60 ኸርዝ የጫጫታ ማጣሪያ ወደ 50 ቀይሩ።

ስፓይክ (የሚጥል በሽታን የሚጠቁም ሹል ሞገድ) የሚቆየው ከ20 እስከ 70 ሚሊሰከንድ ነው። በሰከንድ 256 ናሙና ሲወሰድ አጭሩ ስፓይክ የሚደርሰው 5 ነጥብ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ፋይል ለማሳነስ ብላችሁ ወደ 100 አታውርዱት።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ግን እዚህ ነው፦ የአንድን ሰው ቅጂ ቆራርጦ ከፊሉን ለማሠልጠኛ፣ ከፊሉን ለመፈተኛ ማድረግ። ሞዴሉ (ከቅጂዎቹ የሚማረው የኮምፒውተር ፕሮግራም) በሽታውን ትቶ ሰውየውን ይለምዳል፤ ውጤቱ ያምራል፣ አዲስ ታካሚ ሲመጣ ይወድቃል። ክፍፍሉ የግድ በታካሚ ይሁን! ደግሞም የ30 ደቂቃ ቅጂ ስፓይክ ባያሳይ በሽታው የለም ማለት አይደለምና፣ እንዲህ ያለውን ቅጂ «ጤነኛ» ብላችሁ አትመድቡት።